የግሬግ ማዱክስ ቁጥጥር ከሰማይ አልወረደም፦ ለአንድ ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

ስለ ቤዝቦል ወርዋሪው ግሬግ ማዱክስ የተጻፈ አንድ ጽሑፍ ሰሞኑን ብዙ ሰው እየተቀባበለው ነው። ጽሑፉ የሚለው ባጭሩ ይህን ነው፦ ማዱክስ ጉልበት ያልነበረው ወርዋሪ ነው፤ ከስትራይኮቹ (መቺው ስቷቸው ወይም በሕጋዊው ቀጠና አልፈው ለወርዋሪው ከሚቆጠሩለት ኳሶች) ብዙዎቹን ዳኞች አድልተው የሰጡት ናቸው፤ ድሎቹ የአትላንታ ብሬቭስ ቡድን ጥንካሬ ያመጣቸው ናቸው፤ የዋንጫው ጨዋታ ሲደርስ እጁ ይከዳዋል፤ ቁጥጥሩም አብሮት የተወለደ ስለሆነ ማንም ሊማረው አይችልም። ከዚህ ተነስተው ጸሐፊው አሜሪካ ውስጥ ልጆቻቸውን ቤዝቦል ለሚያስጫውቱ ወላጆች «ፍጥነት ላይ ብቻ ሥሩ፤ ቁጥጥር ያለው አለው፣ የሌለው የለውም» የሚል ምክር ይለግሳሉ።

ጡረታ የወጣን ስፖርተኛ ማሳነስ የአስተያየት ጉዳይ ነው ተብሎ ሊታለፍ ይችል ነበር። ምክሩ ግን የሚያርፈው በ11 ዓመት ልጅ ክርን ላይ ስለሆነ ዝም አይባልም። ስለዚህ ከመጨረሻው ነጥብ እንነሳ፤ ሌሎቹ አራቱ የቆሙት በእሱ ላይ ነው። ዓመቶቹ በሙሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ለጨዋታው አዲስ ለሆነ አንባቢ ሁለት ቃል እናብራራ። ዎክ የሚባለው ወርዋሪው ከስትራይክ ቀጠና (በመቺው ጉልበትና ደረት መካከል ኳሱ ማለፍ ካለበት ቦታ) ውጭ አራት ኳስ ወርውሮ መቺውን በነጻ ወደ አንደኛው ቤዝ ሲያሳልፈው ነው። አማካይ ነጥብ ስንል ደግሞ በየ9 ኢኒንጉ (ኢኒንግ ጨዋታው ከሚከፈልባቸው 9 ዙሮች አንዱ ነው) በወርዋሪው ላይ የሚመዘገበውን ነጥብ ማለታችን ነው፤ የተከላካዮች ስህተት ያመጣው አይታሰብበትም። የመጀመሪያው ቁጥር የወርዋሪን ቁጥጥር በግርድፉ ያሳያል፣ ሁለተኛው ደግሞ ውጤቱን።

ማዱክስ ከላስ ቬጋስ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት እንደወጣ በ1984 ቺካጎ ከብስ የተባለው ቡድን በአዲስ ተጫዋቾች ምርጫ ሁለተኛ ዙር ወሰደው፤ በሴፕቴምበር 1986 በ20 ዓመቱ ወደ ዋናው ሊግ ገባ። በ1987 6 አሸንፎ 14 ተሸነፈ። አማካይ ነጥቡ 5.61 ነበር። በ155 ከ2/3 ኢኒንግ 74 ዎክ ሰጠ፤ በየ9 ኢኒንጉ ሲሰላ 4.3 ማለት ነው። ይህ ቁጥጥር ይዞ የተወለደ ሰው ቁጥር አይደለም፤ ብዙ ወጣት ወርዋሪ ከዚህ ባነሰ ጥፋት ወደ ታችኛው ሊግ ተመልሷል።

ቀጥሎ ያለውን ተከታተሉ። በ1988 በየ9 ኢኒንጉ 2.9 ደረሰ። በ1991 2.3 ሆነ። በ1993 በ267 ኢኒንግ 52 ዎክ ብቻ ሰጠ፣ 1.8 ማለት ነው። በ1994 በ202 ኢኒንግ 31፣ በ1995 በ209 ከ2/3 ኢኒንግ 23፣ በ1997 በ232 ከ2/3 ኢኒንግ 20 ሰጠ። የመጨረሻው 0.77 ይመጣል። ከ4.3 እስከ 0.77 ያለው መንገድ 10 ዓመት የፈጀ ሲሆን ቁልቁል የወረደው በአንድ ዝላይ ሳይሆን ደረጃ በደረጃ ነው። ተሰጥኦ ቢሆን ኖሮ በመጀመሪያው ዓመት ይታይ ነበር። ይህ መሰላል የሚነግረን ሥራን ነው።

ሥራው ምን እንደሆነ ደግሞ ይታወቃል። ላስ ቬጋስ ውስጥ ገና በልጅነቱ ያሠለጠነው ራልፍ ሜደር የተባለ አሮጌ የቤዝቦል ሰው ያስተማረው ነገር ከፍጥነት ይልቅ ኳሱ እንዲታጠፍ ማድረግን ነው። ከብስ ውስጥ ዲክ ፖል አሠለጠነው። አትላንታ ሲገባ ሊዮ ማዞኒን አገኘ፤ ማዞኒ ወርዋሪዎቹን በሁለት ጨዋታ መካከል እንደ ሌሎች ቡድኖች አንድ ጊዜ ሳይሆን ሁለት ጊዜ የመወርወሪያው ጉብታ ላይ ያወጣቸዋል፣ ግን በሙሉ ጉልበት አያስወረውራቸውም። ዋናው ልምምድ ከመቺው ራቅ ባለው ጠርዝ፣ ጉልበት ከፍታ ላይ፣ ኳሱን ደጋግሞ ማስቀመጥ ነበር።

ድግግሞሹ ለምን እንዳስፈለገ ቀላል ስሌት ያሳያል። ከጉብታው እስከ ሆም ፕሌት (መቺው አጠገቡ የሚቆምበት ሰሌዳ) 18.44 ሜትር ነው። ወርዋሪው ወደፊት ተራምዶ ስለሚለቅ ኳሱ በአየር ላይ የሚጓዘው 17 ሜትር ያህል ነው። በዚህ ርቀት እጁ በአንድ ዲግሪ ቢሳሳት ኳሱ 30 ሴንቲ ሜትር ይስታል። የኳሱ ውፍረት ራሱ 7.3 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው። እንግዲህ በአንድ ኳስ ስፋት ውስጥ መሳሳት ብቻ የሚፈቅድ ወርዋሪ ስህተቱን በዲግሪ ሩብ ውስጥ መያዝ አለበት። ጣቶቹ ትንሽ ቀድመው ከለቀቁ ኳሱ ከፍ ይላል፤ ትንሽ ከዘገዩ አፈር ይመታል። ጓንት የያዘው ትከሻ ቶሎ ከተከፈተ ክንዱ ወደኋላ ይቀርና ኳሱ ከፍ ብሎ ወደሚወረውረው እጅ ጎን ያመልጣል። የፊት እግር በየጊዜው ሌላ ቦታ ካረፈ ደግሞ ሌላው ሁሉ ቢስተካከልም ዋጋ የለውም። ዲግሪ ሩብ በዓይን ሊታይ አይችልም፤ ሰውነት በድግግሞሽ ብቻ ይይዘዋል።

ሁለተኛው ክስ የዳኞቹ ነው። እዚህ ላይ ጸሐፊው ግማሽ እውነት ይዘዋል፤ መካድ አይገባም። በ1990ዎቹ ብሬቭስ በሚጫወትበት ናሽናል ሊግ ውስጥ የስትራይክ ቀጠናው ወደ ውጭ ሰፍቶ ይጠራ ነበር፣ ማዱክስና የቡድን ጓደኛው ቶም ግላቪንም በዚህ ተጠቅመዋል። ግን ሙሉው ሥዕል ሌላ ነው።

ሆም ፕሌት 43 ሴንቲ ሜትር ይሰፋል። በሕጉ መሠረት የኳሱ ማንኛውም ክፍል የቀጠናውን ጠርዝ ከነካ ስትራይክ ነው። ኳሱ በሁለቱም ጎን ጠርዙን እየነካ ማለፍ ስለሚችል፣ ከአንዱ ዳር ኳስ እስከ ሌላኛው ዳር ኳስ ውጫዊ ጎን ያለው ስፋት 58 ሴንቲ ሜትር ገደማ ይሆናል። ቴሌቪዥን ላይ «ከውጭ ነበር» የሚባለው ኳስ ብዙ ጊዜ በዚህ ሕጋዊ ዳር ላይ ያረፈ ነው። ዳኛው ደግሞ ከተቀባዩ ጀርባ ቆሞ የሚያየው ኳሱን ብቻ አይደለም፣ ጓንቱንም ያያል። ጓንቱ በተዘረጋበት ቦታ ሳይነቃነቅ ኳሱን ከያዘ ውርወራው የታሰበ ይመስላል፤ ተቀባዩ ኳሱን ለመያዝ ክንዱን ወደ ጎን ከዘረጋ ግን ያው ቦታ ያረፈ ኳስ እንኳ ስህተት ይመስላል። ማዱክስ ጠርዙን ያገኘው ጓንቱን ባለማስነቃነቁ ነው፣ ይህ ደግሞ ስጦታ ሳይሆን የሥራ ዋጋ ነው።

ማስረጃ ከተፈለገ ሦስት አለ። በጣም የተወራለት ሰፊ ቀጠና በኦክቶበር 1997 በናሽናል ሊግ ፍጻሜ አምስተኛ ጨዋታ የታየው ነው። ዳኛው ኤሪክ ግሬግ ነበር። የፍሎሪዳው ሊቫን ሄርናንዴዝ 15 የብሬቭስ መቺዎችን በሦስት ስትራይክ አስወጣ፣ ፍሎሪዳም 2 ለ1 አሸነፈ። የተሸነፈው ወርዋሪ ማን ነው? ማዱክስ። ሰፊ ቀጠና የሚጠቅመው ይልቁንም ጠርዙን በትክክል ማግኘት ለማይችለው ነው፤ ማዱክስ ከሌሎች የሚለይበትን ነገር ለሁሉም ያድላልና። ሁለተኛው ማስረጃ 2001 ነው። በዚያ ዓመት ሊጉ ዳኞች በመጽሐፉ የተጻፈውን ቀጠና እንዲጠሩ አዘዘ። ማዱክስ በዚያው ዓመት በ233 ኢኒንግ 27 ዎክ ብቻ ሰጠ፣ በመሐሉም 72 ከ1/3 ኢኒንግ ያለ አንድ ዎክ ተጓዘ። ያ ጉዞ የተቋረጠውም ሆን ተብሎ በተሰጠ ዎክ ነው። ሦስተኛው 2007 ነው፦ 41 ዓመቱ ሆኖ ለሳን ዲዬጎ ፓድሬስ ሲጫወት፣ የ1990ዎቹ አትላንታ ሩቅ ትዝታ በሆነበት ጊዜ፣ በ198 ኢኒንግ 25 ዎክ።

ጽሑፉ «999 ዎክ የሰጠ ሰው እንዴት የቁጥጥር ንጉሥ ይባላል» ሲልም ቁጥሩን ብቻውን አቁሞታል። 999 የተሰጡት በ5,008 ከ1/3 ኢኒንግ፣ በ23 የውድድር ዓመታት ውስጥ ነው። ከእነዚህ ውስጥ 177ቱ ሆን ተብለው የተሰጡ ናቸው። ሳያስበው የሰጠው 822 ነው፣ በ6 ኢኒንግ አንድ ማለት ነው። 300 ድል፣ 3,000 በስትራይክ የወጣ መቺ፣ ከ1,000 ያነሰ ዎክ፤ ሦስቱን አብሮ ያገኘ ወርዋሪ እሱ ብቻ ነው።

«ጉልበት አልነበረውም» የሚለውን እንመልከት። ብዙ ሰው የሚያስታውሰው በዕድሜው ማምሻ የነበረውን ማዱክስ ነው። በከብስ ዘመኑ በሰዓት 145 ኪሎ ሜትርና ከዚያ በላይ ይወረውር ነበር፣ ለዚያ ጊዜ ደግሞ ይህ ደካማ አይደለም። በ1998 ብቻ 204 መቺ በስትራይክ አስወጥቷል፣ በሕይወት ዘመኑ 3,371። ዘገምተኛ ኳስ እየወረወሩ እዚያ መድረስ ቀላል አይደለም።

ይሁንና ዋናው ስህተት ሌላ ቦታ ነው፤ ጸሐፊው ፍጥነትን የሚቆጥሩት በራዳር ላይ ብቻ ነው። መቺ ግን የሚያየው ልዩነትን ነው። በሰዓት 145 ኪሎ ሜትር የተለቀቀ ኳስ ሆም ፕሌት ለመድረስ 0.43 ሴኮንድ ገደማ ይፈጅበታል። በ125 የተለቀቀው 0.5 ሴኮንድ ያህል ይፈጅበታል። ልዩነቱ የዓይን ጥቅሻ አይሞላም። ነገር ግን መቺው ፈጣኑን ጠብቆ ከወዘወዘ፣ ዱላው በሆም ፕሌት ላይ ሲያልፍ ዘገምተኛው ኳስ ገና 2 ሜትር ያህል ይቀረዋል። ሁለቱ ኳሶች ከአንድ የእጅ ቦታ፣ በአንድ የክንድ ፍጥነት ከወጡ መቺው ለይቶ የሚያውቅበት መንገድ የለውም። የማዱክስ ቼንጅአፕ (ፈጣን መስሎ የሚዘገየው ኳስ) ይህ ነበር፦ አውራ ጣትና አመልካች ጣት በኳሱ ጎን ክብ ይሠራሉ፣ ኳሱ ወደ መዳፉ ጠለቅ ብሎ በቀሩት ጣቶች ይያዛል፣ ክንዱ እንደ ፈጣን ኳስ ይወነጨፋል። አያያዙ ራሱ ፍጥነቱን ይቀንሰዋል። ክንዱን ሆን ብሎ የሚያዘገይ ልጅ ግን ራሱን ያጋልጣል፤ መቺው ከኳሱ በፊት ክንዱን ያነባል።

ፈጣን ኳሱም ቀጥ ብሎ አይሄድም ነበር። ሁለቱን ጣቶች ስፌቶቹ በሚቀራረቡበት ቦታ ላይ፣ በስፌቱ ርዝመት አስቀምጦ የሚወረውረው ኳስ ወደ ታችና ወደ ቀኝ እጁ ጎን ይታጠፋል። ለግራ መቺ ይህንን ኳስ ዳሌው ላይ አነጣጥሮ ይለቀዋል። መቺው ሊመታኝ ነው ብሎ ይሸሻል፣ ኳሱ መጨረሻ ላይ ታጥፎ የውስጠኛውን ጠርዝ ይነካል፣ ስትራይክ ይጠራል። በሌላ ጊዜ እዚያው ቦታ የሚነሳ ካተር ይወረውራል፤ ይህኛው በተቃራኒው ወደ መቺው እጅ ይገባና ዱላ ይሰብራል። ሁለቱ ኳሶች እስከ መንገዱ አጋማሽ አንድ ይመስላሉ። መቺው መወሰን ያለበት ደግሞ በዚያው አጋማሽ ላይ ነው።

ስትራይክ መወርወርና ዒላማ መምታት የተለያዩ ነገሮች መሆናቸውን የሚጠራጠር የሚኔሶታውን ወርዋሪ ካርሎስ ሲልቫን ያስታውስ። በ2005 በ188 ከ1/3 ኢኒንግ 9 ዎክ ብቻ ሰጠ፤ ማዱክስ በየትኛውም ዓመት ያላገኘው ቁጥር ነው። አማካይ ነጥቡ ግን 3.44 ነበር፣ በስትራይክ ያስወጣውም 71 ብቻ። በሚቀጥለው ዓመት አማካዩ 5.94 ደረሰ፣ 38 ሆም ረንም (ከአጥር በላይ የሚያልፍ ምት) ተመታበት። ኳሱን ቀጠናው ውስጥ ማስገባት ያውቅ ነበር፤ ችግሩ መሐል ላይ ማረፉ ነው። ማዱክስ በ1994 በ202 ኢኒንግ የተመታበት ሆም ረን 4 ነው። አራት! ያ ዓመት የሊጉ አማካይ ነጥብ 4.21 ነበር፣ የእሱ 1.56። በ1995 የሊጉ 4.18፣ የእሱ 1.63።

እነዚህ የሆም ረን ቁጥሮች ድሎቹ የቡድኑ ናቸው ለሚለው ሦስተኛ ክስም መልስ ናቸው፤ ከአጥር በላይ የሚያልፍን ኳስ የትኛውም ጎበዝ ተከላካይ አይዘውም። ከዚያም በላይ፣ ማዱክስ ለሊጉ የዓመቱ ምርጥ ወርዋሪ የሚሰጠውን የሳይ ያንግ ሽልማት መጀመሪያ ያገኘው በአትላንታ አይደለም። በ1992 ከከብስ ጋር 20 አሸንፎ 11 ተሸንፎ፣ በ2.18 አማካይ ነው። ያ ቡድን ዓመቱን የጨረሰው 78 አሸንፎ 84 ተሸንፎ ነው። ቀጣዮቹ ሦስት ሽልማቶች በተከታታይ በብሬቭስ መጡ። ብሬቭስ ጠንካራ ቡድን እንደነበረ ማንም አይክድም፤ ግላቪንና ጆን ስሞልትዝ አብረውት ነበሩ። ግን መከላከልን ካነሳን አይቀር፣ ከጉብታው አጠገብ የቆመው አምስተኛው የውስጥ ተከላካይ ራሱ ነበር። በየቦታው ለምርጥ ተከላካይ የሚሰጠው የወርቅ ጓንት ሽልማት 18 አለው፣ በየትኛውም ቦታ የተጫወተ ሰው ያላገኘው ብዛት ነው። ውርወራውን ሲጨርስ ሁለት እግሩ ሚዛን ይዞ ወደ መቺው ፊቱን አዙሮ ይቆማል። ይህ አቋም ኳስ ለመያዝ ይጠቅመዋል፣ ክንዱ በየጊዜው በአንድ መንገድ መሄዱንም ያሳያል። ሙሉ ጉልበቱን አውጥቶ ወደ ጎን የሚወድቅ ወርዋሪ ሁለቱንም ያጣል።

ከመደበኛው ውድድር በኋላ የሚደረጉት የዋንጫ ጨዋታዎች ነገር ባጭሩ። 11 አሸንፎ 14 መሸነፉ እውነት ነው። አማካይ ነጥቡ ግን 3.27 ነው፣ ከመደበኛው 3.16 ጋር የሚቀራረብ፣ ያውም ጠንካራ ቡድኖችን ብቻ እየገጠመ። ከዚህ ውስጥ 11 ነጥብ የተቆጠረበት በ1989 ከሳን ፍራንሲስኮ ጃያንትስ ጋር በ7 ከ1/3 ኢኒንግ ነው፤ ያኔ 23 ዓመቱ ነበር። እነዚያን ሁለት ጨዋታዎች ለይተን ብናይ ቀሪው 2.9 ያህል ይወጣል። በዎርልድ ሲሪስ፣ ማለትም በመጨረሻው የዋንጫ ፍልሚያ፣ ብቻ ደግሞ 2.09 ነው። በ1995 የመጀመሪያውን ጨዋታ ክሊቭላንድን 3 ለ2 ሲያሸንፉ 9ኙንም ኢኒንግ ወርውሮ ሁለት ምት ብቻ ፈቀደ። ወርዋሪ ነጥብ ይከለክላል እንጂ አያስቆጥርም፤ 3 ለ2 እና 2 ለ1 የተሸነፈን ሰው እጁ ከዳው ማለት ፍርድ ማጓደል ነው።

አሁን ወደ ልጆቹ። «ፍጥነት ላይ ብቻ ሥሩ» የሚለው ምክር ለምን ክርን እንደሚጎዳ ለመረዳት የማዱክስን የውርወራ ብዛት ማየት ይበቃል። በጁላይ 1997 ከብስን ሲያሸንፍ ሙሉ ጨዋታውን ከ80 ባነሰ ውርወራ ጨርሷል። ከ100 ባነሰ ውርወራ ነጥብ ሳይቆጠርበት ሙሉ ጨዋታ መጨረስ ዛሬ በቤዝቦል ሰዎች ዘንድ በስሙ «ማዱክስ» ይባላል፤ እሱ ራሱ 13 ጊዜ አድርጎታል። በ23 ዓመት ውስጥ በጉዳት ምክንያት ከዝርዝር የወጣው አንድ ጊዜ፣ በ2002፣ ያውም በጀርባ ሕመም ነው። ዎክ የማይሰጥ ወርዋሪ በየኢኒንጉ ውርወራ ይቆጥባል፣ ዓመቱ ሲያልቅ ቁጠባው መቶዎች ይሆናል። የክርን ውስጠኛ ጅማት የሚበጠሰው በአብዛኛው ከብዛትና ደክሞ ከመወርወር ነው። ቁጥጥር የሌለው ፈጣን ልጅ ደግሞ ብዙ ይወረውራል፣ ደክሞም ይወረውራል።

ስለዚህ ከ9 እስከ 12 ዓመት ላለ ልጅ የሚሆነው ሥራ ይህ ነው። ሊትል ሊግ በተባለው የልጆች ውድድር ውስጥ ርቀቱ 14 ሜትር ነው፤ ልምምዱ ግን በ9 ወይም 10 ሜትር ይጀመር፣ ክንዱ ሳይወጠር ቅርጹን እንዲይዝ። መጀመሪያ የሚማረው አያያዝ ሁለት ጣት ስፌቱን አቋርጦ የሚይዝበት ቀጥተኛው ኳስ ነው፤ የሚታጠፉት በኋላ ይደርሳሉ። የፊት እግሩ የሚያርፍበት ቦታ መሬት ላይ በኖራ ወይም በጫማ ጫፍ ይሠመር፣ ከእያንዳንዱ ውርወራ በኋላም ይታይ። ተቀባዩ ጓንቱን ጉልበት ከፍታ ላይ አኑሮ እንዳያንቀሳቅስ ያድርግ። በ10 ኳስ ጓንቱ ሳይነቃነቅ የተያዘው ስንት እንደሆነ ይጻፍ፣ የሳተው ወዴት እንደሳተም ይጻፍ፤ ከፍ ካለ ቶሎ ለቋል፣ አፈር ከመታ ዘግይቷል። ልጁ ምክንያቱን ራሱ እንዲናገር መጠየቅ ከመጮህ ይሻላል። ርቀቱ የሚጨመረው ቁጥሩ ሲረጋጋ ነው። በልምምዱ መጨረሻ ኳሶቹ ተከታትለው ከፍ ማለት ከጀመሩ እግሩ ደክሟል ማለት ነውና እዚያው ይቁም፣ «አንድ ጨምር» አይባል።

በጨዋታ ቀን ያለው የሊትል ሊግ ወሰንም የታወቀ ነው፦ ለ9 እና 10 ዓመት በቀን 75 ውርወራ፣ ለ11 እና 12 ዓመት 85። 66 እና ከዚያ በላይ የወረወረ ልጅ 4 ቀን ያርፋል። በሁለት ቡድን የሚጫወት ልጅ ካለ የሁለቱም ውርወራ ተደምሮ መቆጠር አለበት፤ ብዙ ቤተሰብ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፣ አሠልጣኞቹ አንዱ የሌላውን ስለማያውቅ። ቁጥሩን የሚይዘው ወላጅ ይሁን። ጸሐፊው ስለ ማዱክስ ያላቸውን አስተያየት እንደያዙ ሊቆዩ ይችላሉ፤ የምክሩን አንቀጽ ግን ቢያነሱትና በምትኩ እነዚህን ወሰኖች ቢያስገቡ እንጠይቃለን።